ጺማሞቹ ከሬዲዮ የማይወርዱት ለምንድን ነው?

ዳላስ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የሌሊት መጋዘን ነበር። ካርቶን ማውረድ፣ መደርደር፣ በፕላስቲክ መጠቅለል፣ እንደገና ካርቶን ማውረድ። መሀል ላይ ካለው ምሰሶ ቀለም የተረጨበት አሮጌ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ተተክቷል። ጣቢያ የመቀየር ሥልጣን ያለው የፈረቃው አለቃ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አይቀይርም።

በየሌሊቱ አንድ ዘፈን ይመጣል፤ አንዳንዴም ሁለቴ። መጀመሪያ አንዲት ጊታር ብቻዋን፣ ዝቅ ብላ፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ትጀምራለች። ቀጥሎ ጎርናና ድምፅ ያጉረመርማል። ቃሉ አይገባኝም ነበር። የእንግሊዝኛዬ ጉድለት መስሎኝ አፍር ነበር። በኋላ ስጠይቅ ግን እዚሁ ቴክሳስ ተወልደው ያደጉትም ግማሹን አይሰሙትም። ከዚያ ድራሙ ድንገት ይገባል። ይሄኔ ሜክሲኳዊው፣ ኤርትራዊው፣ ነጩ ሽማግሌ ሹፌር፣ ሁሉም ካርቶኑን እንደያዘ አንገቱን መነቅነቅ ይጀምራል።

አንድ ሌሊት አለቃውን «ማን ናቸው?» አልኩት። «ዚዚ ቶፕ ናቸዋ!» አለኝ፤ ጨረቃን እያሳየሁ «ይህቺ ምንድን ናት?» ያልኩት ያህል ደንግጦ።

ዘፈኑ «ላ ግራንጅ» ይባላል። የወጣው በ1973 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ 41ኛ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ እንኳ አልገባም። በዚያ ሰሞን ከሱ በላይ ከነበሩት ዘፈኖች ብዙዎቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ይሄኛው ግን ከ50 ዓመት በኋላም በየሌሊቱ መጋዘን ይገባል።

እንዴት? «ጥሩ ዘፈን ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ጥሩ ሆኖ የተረሳ ዘፈን ስንት አለ! እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው የሬዲዮ ልጆች ናቸው። ሬዲዮ ደግሞ ሰው በጣም የወደደውን ሳይሆን ሰው ጣቢያ የማይቀይርበትን ዘፈን ነው የሚያስቀረው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከልጅነታቸው ልጀምር። ቴክሳስ ከሜክሲኮ ጋር የምትዋሰነው በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ነው። አሜሪካ አንድ የኤኤም ጣቢያ ከ50,000 ዋት በላይ እንዳያሰራጭ ትከለክላለች። ከወንዙ ማዶ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። ብልጦቹ ይህችን ቀዳዳ ቶሎ አገኟት። ዋናው ብሪንክሊ የሚባል «ዶክተር» ነው፤ ለስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ነው እያለ የፍየል ቆለጥ በሰው ላይ ይተክል የነበረ ጉደኛ። ካንሳስ ውስጥ ፈቃዱን ሲነጥቁት በ1930ዎቹ ወንዙን ተሻግሮ ቪላ አኩኛ ላይ የራሱን ጣቢያ ተከለ። ጣቢያው ኋላ ላይ 500,000 ዋት ደረሰ። የአሜሪካን ጣሪያ አሥር እጥፍ ማለት ነው።

የሜክሲኮ ጣቢያዎች መጠሪያ የሚጀምረው በኤክስ ፊደል ስለሆነ ሰዉ በአጭሩ «ኤክስ» ይላቸው ነበር። ብሪንክሊ ከሄደ በኋላም እዚያው ከተማ በ250,000 ዋት የሚሠራ ተተኪ መጣ። በ1960ዎቹ ዉልፍማን ጃክ የሚባለው አዋኪ ዲጄ በሌሊት የሚጮኸው ከዚያ ነበር። ጸሎት ይሸጣል፣ ጫጩት በፖስታ ይሸጣል፣ በመሀል ብሉዝ ይለቀቃል። የነጮች ሰፈር ጣቢያዎች የማያስነኩት የጥቁሮች ሙዚቃ በዚያ ሞገድ ተጭኖ በየነጩ ልጅ መኝታ ቤት ይገባ ነበር።

አገር ቤት ሌሊት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ቁልፍ እያሽከረከረ፣ በጩኸትና በፉጨት መሀል ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ያደነ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከሩቅ የመጣ ድምፅ አጠገብ ካለው የበለጠ ያጓጓል። እኛ ዜና ነበር የምናድነው፤ እነሱ ብሉዝ።

ቢሊ ጊበንስ፣ ደስቲ ሂልና ፍራንክ ቢርድ ሦስቱም በ1949 ቴክሳስ ውስጥ የተወለዱ፣ በዚህ ሞገድ ያደጉ ናቸው። በ1975 «ፋንዳንጎ» በተባለው አልበማቸው ውስጥ ለእነዚያ ጣቢያዎች አንድ ሙሉ ዘፈን ሰጥተዋል፤ ርዕሱ «በኤክስ ላይ ሰማሁት» እንደማለት ነው። የውለታ ዘፈን ነው። ስማቸውም ቢሆን ከዚያው ዓለም የመጣ ነው። ጊበንስ እንደሚተርከው የሁለት ብሉዝ ዘፋኞችን፣ የቢ.ቢ. ኪንግንና የዚ.ዚ. ሂልን፣ ስም አጣምሮ «ዚዚ ኪንግ» ሊል ነበር። ለቢ.ቢ. ኪንግ በጣም ቀረበበት። ንጉሥ ደግሞ ከላይ ነው ብሎ «ቶፕ» አደረገው።

ቡድኑ የተመሠረተው በ1969 ሂውስተን ነው። ሦስቱ በአንድነት መድረክ ላይ የወጡት በየካቲት 1970 ቦሞንት በምትባል ከተማ ሲሆን ሂል በ2021 እስኪሞት ድረስ አንድም ሰው አልተቀየረም። 51 ዓመት! በሮክ ዓለም እንኳን ሦስት ሰው፣ ባልና ሚስትም ይህን ያህል አይቆይም። በነገራችን ላይ ሁለቱ ጊታረኞች ጺማቸው ደረታቸው ድረስ ሲወርድ፣ የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ «ጺም» ማለት የሆነው ድራመሩ ቢርድ ግን ጺሙን ያላሳደገው ብቸኛው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ሦስት ሰው ብቻ መሆናቸው ለሬዲዮ ትልቅ ነገር ነው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አለቀ። በመሀላቸው አየር አለ። የመኪና ስፒከር፣ በተለይ የድሮው፣ ብዙ መሣሪያ ሲደራረብበት ይደፈናል። የነሱ ሙዚቃ ግን ርካሽ ስፒከር ላይ እንኳ አይጨማለቅም። ሽቦ አንቴና ባለው የመጋዘን ሬዲዮም ጊታሩ ጊታር ነው፣ ቤዙም ቤዝ።

ከዚያ ምቱ። «ላ ግራንጅ» የቆመው ሻፍል በሚባለው የብሉዝ ምት ላይ ነው። እያንዳንዱ ምት በውስጡ ለሦስት ይከፈላል፤ ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር እያለ ይንከባለላል። የኛ ችክችካም በሦስት በሦስት የሚሄድ ምት ነው። አንድ አይደሉም፤ ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ፣ አንገት የሚያስነቀንቀው ሌላ ነው። ግን በችክችካ ያደገ ጆሮ ሻፍል ሲሰማ የማያውቀው ቤት የገባ አይመስለውም። ቃሉ ሳይገባኝ ምቱ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ስለምን እንደሚያወራ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ላ ግራንጅ የምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ዳርቻ ሴተኛ አዳሪዎች የሚሠሩበት የታወቀ ቤት ነበር። በ1930ዎቹ ችግር ጊዜ ደንበኞች በዶሮ ይከፍሉ ስለነበር «የዶሮ እርባታው» ተባለ። አልበሙ የወጣው በጁላይ 1973 መጨረሻ ነው። ቤቱ ደግሞ አንድ የሂውስተን ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስላጋለጠው ኦገስት 1 ቀን ተዘጋ። በቀናት ልዩነት! ለማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በገንዘብ አይገዛም። አገሩ ሁሉ በዜና ስለሰማው ቤት እነሱ ዘፈን ይዘው ጠበቁት።

ይህ ሁሉ ግን 1973ን ያስረዳል እንጂ ዛሬን አያስረዳም። ዛሬን ለመረዳት ጣቢያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ያስፈልጋል።

«ክላሲክ ሮክ» የሚባለው የጣቢያ ዓይነት የተፈጠረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አዲስ ዘፈን ማስተዋወቅ ይቅርና ሰው የሚያውቀውን ብቻ እናጫውት። የትኛውን? እዚህ ጋ ነው ሙያው። ጣቢያዎች አንድ መቶ ያህል አድማጭ አዳራሽ ይሰበስባሉ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ከ7 እስከ 10 ሰከንድ የምትሆን ቁራጭ እየቆረጡ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ያሰሟቸዋል። ሰዎቹ ነጥብ ይሰጣሉ፤ «አላውቀውም»፣ «እወደዋለሁ»፣ «ሰለቸኝ»። የማይታወቀው ይወድቃል። የሰለቸውም ይወድቃል። ኢትዮጵያዊ አስተማሪ እንኳ እንዲህ በ10 ሰከንድ አይጥልም!

ከዚያ በ2007 ሌላ ነገር መጣ። እስከዚያ ድረስ አድማጮች የሰሙትን ጣቢያ በወረቀት ይመዘግቡ ነበር። ወረቀት ይዋሻል፤ ሰው የሚወደውን ጣቢያ እንጂ የሰማውን አይጽፍም። በዚያ ዓመት ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ሥራ ጀመረ። ከየጣቢያው ድምፅ ውስጥ ጆሮ የማይሰማውን ምልክት እየለቀመ ማን ምን እንደሰማ በየደቂቃው ይመዘግባል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ከተሞች አንዷ ራሷ ሂውስተን ነበረች። አሁን ባለጣቢያው ሰው በየትኛው ዘፈን ላይ ጥሎት እንደሄደ ማየት ቻለ።

ቆጠራው ደግሞ አንድ ደንብ አለው። አንድ አድማጭ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 3 ደቂቃ (እስከ 2024 ድረስ 5 ደቂቃ ነበር) ካልቆየ ለጣቢያው አይቆጠርም። እስቲ አስቡት። ማስታወቂያ አልቋል፣ ሹፌሩ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጓል። የሚቀጥለው ዘፈን እሱን ለማቆየት ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ነው። «ላ ግራንጅ» ሁለት ሰከንድ አያስፈልገውም። ያቺ ጊታር አንዴ ስታንኳኳ ሁሉም ማን እንደመጣ ያውቃል። «ተሽ» የተባለው ዘፈናቸው ደግሞ ሙሉ ርዝመቱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አያልፍም፤ ሳትጠላው ያልቃል።

የማይጠላ መሆኑ ነው ዋናው። ስለ ፖለቲካ አይዘፍኑም። አያለቅሱም። አባት ሲወዳቸው ልጅ አያፍርባቸውም። ሚስትየው «ቀይረው» አትልም። በአዳራሹ ፈተና «የሕይወቴ ዘፈን» የሚላቸው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግምቴ ነው። ግን ቀበቶ ላይ ያለው መሣሪያ ፍቅርን አይለካም። መቆየትን ነው የሚለካው።

ያም ሆኖ አንድ ችግር ነበረባቸው፤ እርጅና። ማስታወቂያ አስነጋሪ በጣም የሚፈልገው አድማጭ ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን ነው። በ1973 አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ስለዚህ የክላሲክ ሮክ ጣቢያዎች መስኮታቸውን በየጊዜው ወደፊት ይገፋሉ። ዛሬ የ1990ዎቹ «ግራንጅ» የሚባለው የሮክ ዓይነትም (ከ«ላ ግራንጅ» ጋር አይገናኝም) «ክላሲክ» ሆኗል (የዘመኔ ዘፈን ክላሲክ ሲባል የሰማሁ ቀን ወገቤን አመመኝ)። መስኮቱ ሲገፋ የ1970ዎቹ ቡድኖች አንድ በአንድ ከኋላ ይረግፋሉ። ዚዚ ቶፕ ለምን አልረገፉም?

ሁለት ጊዜ ስለተወለዱ ነው። በ1977 ደክሟቸው ተበትነው ነበር። በጉብኝታቸው ላይ ጎሽ፣ ቀንዳም በሬ፣ ጥንብ አንሳና መርዛም እባብ ሳይቀር ወደ መድረክ ይዘው ይዞሩ ስለነበር ድካሙ አይገርምም። ቢርድ ከሱስ ለመላቀቅ ሕክምና ገባ። ሂል፣ ስታዲየም የሞላው ሰውዬ፣ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጥሮ ሠራ። ይህን ሳነብ በጣም ነው የወደድኩት። የኛ ሰዎች ዛሬም በብዛት የሚሠሩበት ቦታ ነው። ሂልና ጊበንስ ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ሳይማከሩ፣ ሁለቱም ጺም አሳድገው ተገናኙ።

ከዚያ በ1983 «ኤሊሚኔተር» መጣ። ብሉዙ አለ፣ ግን ሥሩ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ገብቶበታል። ምቱ ሻፍል መንከባለሉን ትቶ ቀጥ ብሎ፣ በደቂቃ 120 አካባቢ፣ የዳንስ ቤት ፍጥነት ያዘ። ከቀረጻው በፊት አብሯቸው የሠራ መሐንዲስ ይህ ፍጥነት በታዋቂ ዘፈኖች ላይ እንደሚደጋገም አጥንቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ ይላል። የብሉዝ አጥባቂዎች ተቆጡ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኤምቲቪ ገና የሁለት ዓመት ጨቅላ ነበር፤ ቀይ የ1933 ፎርድ፣ ቁልፍ የሚወረውሩ ሁለት ጺማሞች፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እኔ ከ«ኤሊሚኔተር» የድሮውን እመርጣለሁ። ግን ለሬዲዮ ዕድሜ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ጣቢያው 1970ዎቹን ሲቀንስ 1980ዎቹ ውስጥ ሌላ ሦስት ዘፈን አላቸው። ሦስቱ አዲሶቹ ሁለቱን አሮጌዎች እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። የአገር ቤት ቤተሰብ እንደማለት ነው፤ አንድ ልጅ ሥራ ከያዘ ሌላው አይራብም።

የዚህ ሁሉ ሒሳብ ግን የሚከፍሉት ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የአየር ሬዲዮ ለዘፋኙ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለዜማና ግጥም ደራሲው ነው። ሦስቱ ዘፈኖቻቸውን በራሳቸው ስም ስላስመዘገቡ ጣቢያ ባጫወተ ቁጥር ይቆጠርላቸዋል። ታዲያ የ«ላ ግራንጅ» ያ የታወቀ ምት የማን ነው? ጆን ሊ ሁከር የሚባለው ጥቁር የብሉዝ ሰው በ1948 ዲትሮይት ውስጥ ከቀረጸው «ቡጊ ቺለን» ጋር መመሳሰሉን ማንም ይሰማል። የሁከር ፕሮዲውሰር ኩባንያ ከሰሰ። በ1995 ፍርድ ቤቱ በዋናው ነጥብ ለዚዚ ቶፕ ፈረደ። ምክንያቱ «አልተመሳሰለም» አይደለም። ሸክላው በ1948 ገበያ ሲወጣ ሥራው እንደታተመ ይቆጠራል፣ መብቱ በጊዜው አልታደሰም፣ ስለዚህ የሕዝብ ሆኗል ነው ያለው። ፍርዱ የአሮጌ ዘፈኖችን ባለቤቶች በሙሉ ስላስደነገጠ ኮንግረሱ በ1997 ሕጉን ቀየረው። ለከሳሹ ግን ፍርዱ ቀድሞ ወጥቷል።

ጊበንስ ሁከርን እንደ አባት ነው የሚያነሳው፤ ውለታ አልካደም። ጣቢያዎቹ ናቸው የካዱት። በዚያ የመጋዘን ሬዲዮ በሠራሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ ሁከርን አንድም ጊዜ አልሰማሁም። ኤክስ ወንዝ አሻግሮ ያመጣውን የጥቁር ድምፅ ኤፍኤሞቹ መልሰው በር ዘጉበት። የቀረው ሦስቱ ነጮች የተረጎሙት ነው።

የጣቢያው ፍቅርም ቢሆን የጥቅም ፍቅር ነው። ከ1996ቱ ሕግ በኋላ አንድ ኩባንያ በአገር ደረጃ ሊይዝ የሚችለው የጣቢያ ብዛት ገደብ ተነሳ። ክሊር ቻናል የሚባለው ኩባንያ ብቻ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። የሂውስተን ልጆች ከ1970 ጀምረው ሮክ ይሰሙበት የነበረው ኬሎል የሚሉት ጣቢያም በዚያው እጅ ወደቀ። በኖቬምበር 2004 በአንድ ቀን ሮኩ ጠፍቶ በስፓኒሽ የወጣቶች ሙዚቃ ተተካ። የቡድኑ የገዛ ከተማ ውስጥ! አድማጭ አለቀሰ። ኩባንያው ግን የሂውስተንን ሕዝብ ቆጥሮ ነው የወሰነው፤ እሱ እንኳ አልተሳሳተም።

ከሁሉም የምወደውን ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። «ላ ግራንጅ» ያለበት አልበም «ትሬስ ኦምብሬስ» የሚጀምረው በሁለት ዘፈኖች ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ስለሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ኢየሱስ ከቺካጎ ተነስቶ ወደ ደቡብ ስለሚጓዝበት መንገድ ነው። በመሀላቸው ዝምታ መኖር ነበረበት። የሸክላውን ቴፕ ሲቆርጡ አስበልጠው ቆረጡና ዝምታው ጠፋ። የአንዱ የመጨረሻ ምት ላይ ሌላው ይገባል። የሬዲዮ ሰዎች ሁለቱን ለያይተው ማጫወት አስቸገራቸው። ስለዚህ አብረው ለቀቋቸው። 50 ዓመት ሙሉ አብረው ይለቋቸዋል። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰውዬ ሳይሳፈር ኢየሱስ ይመጣል።

ዛሬ መጋዘኑን ለቅቄያለሁ፤ የምሠራው በመኪና ነው። ዘፈን የማዳምጠው በስልኬ ነው። ስልኩ ዘፈኖቹን እያደባለቀ ያመጣል። የአውቶቡሱ ዘፈን ያልቅና ምንም የማይገናኘው የሌላ ሰው ዘፈን ይከተላል። በዚያች ቅጽበት መሪው ላይ ያለው ጣቴ አንድ ምት ቀድሞ ይመታል። ይመታና ባዶ ያገኛል። ስልኩን አጥፍቼ ወደ ሬዲዮው እሄዳለሁ።